ኬላ አለፍን፦ የጠፈር ውጊያ በሞያሌ ቪዲዮ ቤት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የራሳችንን ሰዎች መርከብ በደስታ አስፈነዳሁ። አዳራሹም አብሮኝ አጨበጨበ።

ሥራው ፊልም መተርጎም ነው። በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ዲጄ ይሉናል፤ ዘፈን ግን አናጫውትም። ፊልሙ ከሚታይበት ግድግዳ ጎን በርጩማ ላይ እንቀመጣለን። ቀኝ እጃችን ማይክ ይይዛል፣ ግራ እጃችን ከድምፅ መቀነሻው አይነሳም። ተዋናዩ በእንግሊዝኛ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርገን በእኛ ቋንቋ እንናገርለታለን። እሱ ዝም ሲል መልሰን ከፍ እናደርገዋለን። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት።

ያን ጊዜ የእትዬ ዘነቡ ሆቴል ካሸር ነበርኩ። እትዬ ዘነቡ ከደጋ መጥተው ሞያሌ ላይ ቤት ያቆሙ ሴት ናቸው፤ ከሆቴሉ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤትም የእሳቸው ነው። ዋናው ዲጄ ጋልጋሎ የሚባል ቦረና ነበር። በኦሮምኛና በስዋሂሊ ሲተረጉም መንገደኛ ሥራውን ረስቶ በር ላይ ይቀራል። የዚያን ዕለት ግን አግዳሚውን የሞሉት ከኢትዮጵያ የመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። በአማርኛ ካልሆነ አንቀመጥም አሉ። ጋልጋሎ ወደ ባንኮኒዬ መጣና "አንተ እንግሊዝኛ ትሰማለህ አይደል? ተነስ፣ ና" አለኝ። እትዬ ዘነቡ ቦታዬን ያዙ፣ እኔ ማይኩን ያዝኩ።

ፊልሙ የጠፈር ውጊያ ነበር። ሁለት ወገን፣ ሁለቱም ግራጫ መርከብ። እኔም ብልጥ ሆኜ "በቀኝ ያሉት የኛ ናቸው፣ በግራ ያሉት የጠላት" ብዬ አወጅኩ። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ሰመረልኝ። ከዚያ ካሜራው ዞሮ ከማዶ ማሳየት ጀመረ፤ የኛዎቹ በግራ ሆኑ። እኔ ግን ቀኝን አምኜ "ያዘው! ለቀቀበት! አቃጠለው!" እያልኩ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ቀጥሎ የኛው አለቃ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ ታየ። አንዱ ከኋላ "ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ደስታ ነው" አልኩት።

ሲያልቅ ጋልጋሎ ወደ ጓሮ ጠራኝ። "ማል ጄታ፣ ምን ትላለህ አንተ? የራሳችንን ሰው ገደልክ እኮ" አለኝ። ሥራው ሳይጀመር አለቀ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ሳቁን መያዝ አቃተው። "ለቅሶውን ደስታ ብሎ ያሳመነ ሰው ለዚህ ሥራ ይሆናል። ባሲ፣ በቃ፣ ነገም ና" አለ። ካሸርነቴ በዚያው ቀረ።

ከተመልካቾቹ መካከል ያልተሸወደ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ መኮንን። ተሳቢ የሚነዳ፣ ይህን መንገድ እንደ ጓሮው የሚያውቅ፣ ሲናገር ሰውን የማያባብል ሾፌር ነው። በሚቀጥለው ጉዞው ሻይ እየጠጣ አስቀመጠኝና ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አቆመ።

"ከኢትዮጵያ ስትመጣ ቀኝህን ይዘህ ነው የምትነዳው" አለ አንዱን ብርጭቆ እየገፋ። "ኬላውን ስታልፍ ግራህን ትይዛለህ። መኪናው ያው፣ ጭነቱ ያው፣ አንተም ያው። ከሩቅ ለሚያይህ ግን የሰው መንገድ የገባህ ትመስላለህ። ያ ካሜራም ኬላ ተሻገረ እንጂ መርከቦቹ ቦታ አልቀየሩም።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ምን ትላለህ፣ ኬላ አለፍን በላቸው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ካሜራው ወደ ማዶ በዞረ ቁጥር "ኬላ አለፍን!" እላለሁ። ሾፌሩ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል፤ ግራና ቀኙን በልቡ ይቀያይራል። ውሎ አድሮ አዳራሹ ቀድሞኝ ማለት ጀመረ። ቦረናው፣ ቡርጂው፣ ከናይሮቢ የመጣው ነጋዴ ሳይቀር በአንድ ድምፅ "ኬላ!" ይላል። ሌላ ከተማ ያለ ዲጄ ይህን ቢሞክር ማንም አይረዳውም። እኛ ዘንድ ግን ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ለመርከቦቹም ስም አወጣሁላቸው። ትልቁ ተሳቢ፣ ነዳጅ ወይም ውሃ የሚጭነው ቦቴ፣ በመሀል እየተሽሎከለከሉ የሚተኩሱት ትንንሾቹ እንደ ሞተር ሳይክል ታክሲዎቻችን ቦዳ ቦዳ። ፊልም ሠሪው የሰጣቸው ስም በቁጥርና በፊደል የተሞላ ነው፤ እሱን ለራሱ ይያዘው።

የክብደትን ነገር ያስተማረኝም ጋሽ መኮንን ነው። አንድ ቀን ከተማ የሚያክል መርከብ እንደ ዝንብ ሲገለባበጥ አየ። "ይሄ ባዶ ነው፤ ምንም አልጫነም" ብሎ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ሄጄ ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቀው "ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬንህን የምታስበው ከላይ ሆነህ ነው። ታች ከደረስክ በኋላ ያሰብከው ፍሬን ለለቅሶ ቤት ነው የሚሆነው" አለኝ። እኔም ትልቅ መርከብ ሲዞር ገና ሳይጀምር መናገር ጀመርኩ፤ "ሊዞር ነው፣ ከባድ ነው፣ ይደርስ ይሆን?" እያልኩ። መርከቡ በዝግታ ሲዞር ሾፌሮቹ አግዳሚው ላይ አብረውት ያዘነብላሉ። መሪ የጨበጠ ሰው ያንን ጭንቀት ያውቀዋል።

ከጋልጋሎ ጋር የተጣላነው በዕቅድ ምክንያት ነው። ጋልጋሎ ሪሞት ይወዳል። ከውጊያው በፊት አለቆቹ ጠረጴዛ ከበው "አንተ በዚህ ግባ፣ አንተ በዚያ ጠብቅ" ሲባባሉ "ወሬ ነው" ይልና ወደ ተኩሱ ያዘልለዋል።

"አትዝለለው" አልኩት።

"ወሬ ሲበዛ ሰው ይወጣል። ካዚ፣ ሥራው ያንተ ብቻ አይደለም፤ እኔም ደንበኛዬን አውቃለሁ።"

"ዕቅዱን ያልሰማ ሰው ዕቅዱ መበላሸቱን በምን ያውቃል?"

ሪሞቱን ተጭኖ ዘለለው። ውጊያው መሀል ላይ ከየአግዳሚው "ለምንድነው ወደዚያ የሄደው?" "ማንን ነው የሚጠብቀው?" የሚል ጥያቄ ዘነበ። ጋልጋሎ እየተረጎመ፣ እየመለሰ፣ እየተቆጣ ላብ በላብ ሆነ። በማግስቱ ሪሞቱን እጄ ላይ ጣል አድርጎ "ያንተ ነው" አለ። ኩራተኛ ሰው ነበር።

ስለ ሙያዬ ስጠየቅ አልግደረደርም። የጠፈር ውጊያ የቱ እንደሚጥም፣ የቱ እንደማይጥም ከመጀመሪያው ተኩስ አውቃለሁ። ሁሉም የሚተኩስበት፣ ማንም የማይጎዳበት ፊልም ያናድደኛል። "የመርከባችን መከላከያ ይህን ያህል በመቶ ቀረ" የሚሉትንም አልተረጉማቸውም። መቶኛ ማንን ያስደነግጣል? የተሰነጠቀ ቧንቧ ሲንጠባጠብ፣ አንዱም በመዳፉ ሊደፍነው ሲታገል አሳየኝ፤ ያኔ እደነግጥልሃለሁ።

የመጨረሻውን ትምህርት ያገኘሁት እዚሁ አጠገባችን ባለችው ቡቲዬ ከሚያስተምር አንድ የሳይንስ መምህር ነው። ደንበኛችን ነበር። ጠፈር ላይ አየር ስለሌለ የፍንዳታ ድምፅ አይሰማም ብሎ ነገረኝ። ጋልጋሎ ያስተማረኝ ደግሞ ተቃራኒውን ነው፦ አዳራሽ ለአፍታ ዝም ካለ ሰው መውጣቱን እያሰበ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። የመምህሩን ነገር ወደድኩት፤ ግን ድምፁን አጥፍቼ ልሞክረው ፈራሁ።

ጋልጋሎ ጉሮሮው ሲደክም ኦቦ ወደምትባለው ቀዬው፣ ወደ ከብቶቹ ተመለሰ፤ አዳራሹ በእኔ እጅ ቀረ። ከዚያ ስልኩ መጣ። ሰው ፊልሙን በመዳፉ ይዞ ይዞር ጀመር። ወደ እኛ የሚገባውም ጥቂት ቆይቶ መሀል ላይ ይወጣል። እትዬ ዘነቡ ታገሱ፣ ታገሱና አንድ ጠዋት ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ አዳራሹን ለመጋዘን ጠይቆኛል" አሉኝ። "ባዶ ቤት ከማቅፍ ሽንኩርት ባቅፍ ይሻለኛል።"

"እትዬ፣ እኔስ?"

"አንተማ ወደ ባንኮኒህ ትመለሳለህ።"

ካሸርነት ነውር የለበትም፤ ግን እኔ ዲጄ ነኝ። ሌላ ምንም አይደለሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ላሳይ ብዬ ለመንኳቸው። ዝናብ መንገዱን ቆርጦ የጭነት መኪናው ተሰልፎ ቆሟል፤ ሾፌሮቹ ከተማ ውስጥ ናቸው። እሳቸውም "እሁድ ከሰዓት አሳይ። ሰው እስከ መጨረሻው ከተቀመጠልህ ይቀጥላል። ከወጣ ግን ቁልፉን ለሰውየው እሰጣለሁ" አሉ። እኔም እሺ አልኩ።

ሁሉም ተኩስ የበዛበትን ምረጥ ብሎ መከረኝ። እኔ ተኩስ ያነሰውን መረጥኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰዎች መኖሪያቸው ተቃጥሎ በመርከቦች ተጭነው ይሰደዳሉ፤ ጠላት ከኋላ ይከተላቸዋል። ማምለጫው በትላልቅ ቋጥኞች መካከል ያለ አንድ ጠባብ በር ነው። ሰው የጫነው ተሳቢ ቀድሞ ያልፋል፣ ውሃ የጫነችው ቦቴ ትከተላለች። የቦቴዋ ሾፌር ሴት ናት። ታናሽ እህቷ ተሳቢው ውስጥ ናት። ይህን ዕቅድ ሲነጋገሩ አንዴ ተረጎምኩት፤ ከዚያ ፊልሙን አቁሜ ደግሜ ነገርኳቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ግን የስልክ መብራት እዚህም እዚያም ይታየኛል።

ውጊያው ተጀመረ። ካሜራው ሲዞር "ኬላ!" አሉ። ተሳቢው ከበሩ አፍ ደረሰ። "ሊዞር ነው፣ ከባድ ነው" አልኩ፤ አግዳሚው ሁሉ አዘነበለ። ተሳቢው ጎኑ በቋጥኙ እየተላጠ አለፈ። ቦቴዋ ግን ሞተሯ ተመታ። እህትየዋ ከማዶ በሬዲዮ "የት ደረስሽ?" ትላለች። ሾፌሯም "ደርሻለሁ፣ ከኋላሽ ነኝ" ትላታለች።

ከኋላዋ አልነበረችም። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘችውና ቦቴዋን አግድም አቆመቻት።

"መንገዱን ዘጋችው" አልኩ። ከዚያ ድምፁን እስከ ታች አወረድኩት፤ ማይኩንም ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ጠላት ተኮሰ፣ ቦቴዋ ተሰነጠቀች፣ ውሃው ወጥቶ በጨለማው ውስጥ ብርጭቆ መሰለ። ምንም ድምፅ የለም። አሁን ስልኩ ይወጣል፣ አሁን የአዳራሹ በር ይከፈታል እያልኩ ጠበቅሁ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ከኋላቸው የሽንኩርት ነጋዴው ሜትሩን ይዞ ቆሟል። ከማድ ቤት ሆነው አዳራሹ ጭጭ ማለቱን ሲሰሙ ሰው ሁሉ የወጣ መስሏቸዋል። መጋረጃውን ገለጡት፤ የቀኑ ብርሃን ግድግዳው ላይ ፈሰሰና ምስሉን አጠፋው። ቁልፉ በእጃቸው ነበር።

አንድ የማላውቀው ሾፌር፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ በቀስታ ተናገረ።

"ማዘር፣ መጋረጃውን ዝጊው። እህትየዋ ገና አልሰማችም።"

እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው አዩ። አግዳሚው ሙሉ ነው፤ አንድም የስልክ መብራት የለም። መጋረጃውን ከውስጥ በኩል ዘጉት። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ ነጋዴው ውጭ ቀረ። እሳቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ሰው "የምን እህት?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቁት። ሰውየው ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ዕቅዱን ሳይቀር፣ ነገራቸው። አንድም አልተሳሳተም።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። መርከቧ የት እንዳለች፣ ወዴት እንደምትሄድና ማን እንደሚጠብቃት ተመልካቹ ካወቀ አንድ ፍንዳታ ይበቃዋል። ካላወቀ መቶውም አይበቃውም።