በሰም ላይ የቀሩ ጣቶች

ልጄ የመኪና በር ሠሪ ነው። ሙሉውን በር አይደለም፤ ከውስጥ በኩል እጃችን የሚነካውን ሁሉ ነው፦ እጀታውን፣ የክንድ ማሳረፊያውን፣ የመስታወት ማውረጃውን። ፋብሪካ ውስጥ ልጄን «እጀታው» እያሉ ይጠሩታል። ሦስቱም የፈጠራ መብት አሰጥተውታል። እጀታውን ግን የሠራው ለሚስቱ ብሎ ነው።

ምራቴ በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ ናት። እርሳሱን ታስይዘኝና ጣቶቿን በጣቶቼ ላይ አድርጋ ትመራኝ ነበር። አመልካች ጣቷ ጫፉ ላይ ዘመም ያለ ነበር። ኋላ እነዚያ ጣቶች በሕመም አልታዘዝ አሏት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ሰው እስኪከፍትላት መጠበቅ ከሁሉ በላይ አንገበገባት።

«አንዴ ብቻ ራሴ ከፍቼ ልውረድ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፈለጋችሁ ክፈቱልኝ» ትል ነበር።

ልጄ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሰም አለስልሶ ጣቶቿን ያዘና ሰሙ ላይ ተጫናቸው።

«ቀስ በል! ቀለበት ስታጠልቅልኝ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅክም» አለችው።

«ያኔ ሐሳብሽን እንዳትቀይሪ ቸኩዬ ነዋ!»

በሣቅ ፈረስን።

በዚያ ቅርጽ፣ ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት የሚከፍት እጀታ ሠራ። ሲጨርስ ጣቶቿ መሳብ አቃታቸው። በመዳፍ የሚገፋ አደረገው፤ ሕመሙ ቀደመው። በክርን የሚገፋውን መኪናችን ላይ የገጠመ ዕለት ክንዷን ማንሳት አልቻለችም። ከውጭ ቆሞ ጠበቃት። በመስታወቱ አየችውና፣ «በቃ ክፈትልኝ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ከፈተላት። ያወረዳት ሆስፒታል በር ላይ ነበር፤ አልተመለሰችም።

ፋብሪካው የመጀመሪያውን እጀታ ወደደው። የፈጠራ መብቱ የመጣው ከቀብሯ በኋላ ነው። ልጄ ወረቀቱን አላየውም፤ እኔ ፊደሉን እየለቀምኩ አነበብኩት። ስለ እሷ ጣት አንድም ቃል የለበትም። ዛሬ ያ እጀታ ያለው መኪና መንገዱን ሞልቶታል፤ ልጄ ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ተሳፈርኩ። ልወርድ ስል እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ፤ ጣቶቼ እጀታው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ያቺ ዘመም ያለችው ጣት እዚያ ነበረች።

«እማማ፣ ደረስን እኮ! በሩ አስቸገረዎት እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«አይ ልጄ፣ ቀላል ነው» አልኩት።

በሩን ከከፈትኩት ግን እጄን ከጣቶቿ ማውጣቴ ነው። ትንሽ ቆየሁ።