አባቴን የገደልኩበት ድርሰት

«ቀይ ነው ያልኩዎት ቀይ ነው፣ ጋሼ። እኔ አልፈርድም፤ የማየውን ነው የምናገረው።»

«ከክፍሏ አንደኛ የወጣችን ልጅ ነው ቀይ የምትቀባው?»

«እዚያ የሚያመለክተው ሁሉ ከክፍሉ አንደኛ ነው።»

አባቴ የእህቴን የትምህርት ማስረጃ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አማካሪው ገፋው። ሰውየው በጣቱ ጫፍ መልሶ ገፋለት። ጠረጴዛው ላይ የስምንት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት አለ። ስድስቱ በማርከር ቀይ ተቀብተዋል። ቀይ ማለት በከንቱ አትልፉ ነው፤ ቢጫ ማለት ምናልባት። አረንጓዴ አልነበረም።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ኦሎምፒያ አንድ ፎቅ ላይ ባለ የማማከር ቢሮ ውስጥ ነው። አማካሪው የተማሪውን ውጤትና የማመልከቻ ድርሰት አይቶ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ሊቀበለው እንደሚችል ይገምታል። ቀኑን የማልረሳው ግን በእሱ ግምት አይደለም፤ በራሴ ዝምታ ነው።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነበር፤ አባቴ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው እህቴ ሐያት እና እኔ። አባቴ መገናኛ መጋረጃ ይሸጣል። ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ የዒድ ኮቱን ለብሶ ነበር የመጣው። እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ግጥም እጽፋለሁ። ግጥምም እንግሊዝኛም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ መጽሐፍ እየተዋስኩ ነው የለመድኩት። ቤታችን ውስጥ ቃል ያውቃል የምባለው እኔ ስለሆንኩ ሐያት ድርሰቷን እንዳርምላት ሰጠችኝ።

የጻፈችው ስለ ሱቁ ነበር። ልጅ እያለች አባቴ የሜትሩን አንድ ጫፍ አስይዟት የሰው ቤት መስኮት ይለካሉ። እሱ ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት እሷ በዓይኗ ገምታ ትነግረዋለች። ስትስት ይስቅባታል፣ ስታገኘው ያኮርፋል። ሰለቸኝ። «ይኼ ማንንም አያስለቅስም» አልኳትና በአንድ ከሰዓት ሌላ ጻፍኩላት።

በእኔ ድርሰት አባቴ ሞቷል። የደንበኛ መጋረጃ ተሸክሞ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት። መጋረጃው አስፋልቱ ላይ እንዴት እንደተዘረጋ ሁሉ ጽፌያለሁ። በጣም ወድጄው ነበር።

ሐያት ስታነበው ፊቷ ተለወጠ። «አባባ ቢሰማስ?»

«እንግሊዝኛ አያነብ» አልኳት።

ወደ ቢሮው ልመለስ። አባቴ አልለቅ ሲለው አማካሪው ሁለቱን ቢጫዎች አሳየው። «እነዚህም ቀይ ነበሩ። ያዳናት ድርሰቷ ነው።»

የአባቴ ፊት በራ። «ምን ብላ ጻፈች?»

ሐያት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ «ሰዓት ሄደ፣ እንውጣ» እንኳ። አላልኩም።

«ስለ ወላጅ አባቷ አሟሟት ነዋ» አለ አማካሪው፣ ድምፁን ለሐዘን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎም አጎት ሆነው እንዲህ እንደ አባት መቆምዎ ትልቅ ነገር ነው።»

ስንገባ ማን ምኗ እንደሆነ አልጠየቀም ነበር።

አባቴ አልጮኸም። «በምንድን ነው የሞትኩት?» አለ።

«ይቅርታ?»

«አባቷ እኔ ነኝ። በምን ሞትኩ?»

አማካሪው ወረቀቱን አየ፣ ሐያትን አየ። «መኪና ገጭቶዎት።»

«የት?»

«መገናኛ።»

«ታክሲ ነው የቤት መኪና?»

«ጋሼ፣ አይቀየሙ። ሁሉም የሚያደርገው ነው። ሐዘን የሌለበትን ድርሰት እነሱ አንብበው አይጨርሱትም። እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚህ ቢሮ ካለፉት ልጆች አባቱ በሕይወት ያለ ጥቂት ነው።» ሳቀ። ብቻውን።

እኛ ቤት በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት በቀልድም የለም። እናቴ ክፉ ሕልም ካየች ለማንም ሳትናገር ጠዋት ሰደቃ ታወጣለች። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ሐያት ዞረ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

ሐያት አየችኝ። ብዙ ቆይታ አየችኝ። እኔ የአማካሪውን ማርከሮች አያለሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ማመልከቻው ነገ ይዘጋል» አለ አማካሪው። «ይኼ ድርሰት ከተቀየረ ሁለቱም ወደ ቀይ ይመለሳሉ። እኔ ብሆን አልነካውም። ማን ተጎዳ?»

አባቴ ዓይኑን ከሐያት አላነሳም። «ከጠቀመሽ እንዳለ ተይው። ወላሂ፣ ሞቼ ልቆይልሽ እችላለሁ።»

የምሩን ነበር። በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ የዚህን ያህል አንገቴን ያስደፋኝ የለም።

ሐያት እጇን ወደ አማካሪው ዘረጋች። «ድርሰቱን ስጠኝ። የራሴን ነው የምልከው።»

«የራስሽ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ መስኮት መለካት።»

«መስኮት!» ቀዩን ማርከር አነሳና ዓይናችን እያየ ሁለቱን ቢጫዎች ቀይ ቀባቸው። «እንግዲህ ይኸው። በኋላ አልነገረኝም እንዳትይ።»

የራሷን ላከች። ከስምንቱ አንዱም አልተቀበላትም። በእኔ ውሸት ይቀበሏት እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም። አሁን እዚሁ አገር ትማራለች፤ ሰላም ነን፣ የምትጽፈውን ግን አታሳየኝም። ከአባቴ ጋር ስለ ውሃና ስለ መብራት ብቻ እናወራለን። አማካሪውን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ግን እሱ ያን ድርሰት አልጻፈም፤ አባቴንም አያውቀውም ነበር። እኔ አውቀዋለሁ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ መጨረሻው ነው። አባቴ ለመውጣት ሲነሳ ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

አልዞረም። «አውቃለሁ። ሐያት እኔን አትገድልም። እስክትናገር ነበር የጠበቅኩህ።»

ሐያትን ትከሻዋን ይዞ አስቀደማት። ልከተላቸው ስነሳ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አስቆመኝ።

«አንተ ቆይ። ከጓደኛህ ጋር ጨርስ» አለና በሩን ከውጭ ዘጋው።