የማይሮጠው የሩጫ ማኅበር

በሩጫ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ባለመገኘቴ ተቀጣሁ። ያልተገኘሁት እየሮጥኩ ስለነበር ነው።

ይህን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ስነግራቸው ቀልድ የፈጠርኩ መሰላቸው። ቀልድ መፍጠር ብችል ኖሮ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ አልቀርም ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ በምኖርበት ብሎክ ውስጥ ጥቂት ጎረቤታሞች የመሠረትነው የጠዋት ሩጫ ማኅበር አለ። ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ማኅተም ለማስቀረጽም ታስቦ ነበር። የጎደለው ሯጭ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእኔ ፍርሃት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት መጋቢት ላይ አንድ ሐኪም የደም ምርመራዬን አይቶ ስኳር ገና እንዳልያዘኝ፣ ግን ደጄ ላይ እንደቆመ ነገረኝ። «ወይ ትንቀሳቀሳለህ፣ ወይ መድኃኒት ትጀምራለህ» አለና የሚቀጥለውን በሽተኛ አስጠራ። ለእሱ የዕለት ሥራው ነው። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ አልወሰደውም። መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን፣ በመጨረሻ እስከ ጉልበቱ ድረስ ወሰደ። የጀመረው አዲስ ጫማ ልጦት ነው። አንድ ማታ ካልሲውን ያወለቅኩለት እኔ ነበርኩ። ደሙን አይቼ «አላመመህም?» ስለው፣ ቀና ብሎ አየኝና «ምኑ?» አለኝ። ያቺን «ምኑ?» እስከ ዛሬ እፈራታለሁ። ከሐኪሙ ዘንድ እንደወጣሁ በቀጥታ የሄድኩት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለ አንድ የጫማ ሱቅ ነው።

ብቻዬን የሮጥኩበትን የመጀመሪያ ሳምንት ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። በዚህ አገር ቱታ ለብሶ አስፋልት ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ሜዳልያ ይጠበቅበታል። ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ ጤናውን ብሎ የወጣ፣ መካከለኛ እንኳን ለመባል የሚታገል ሯጭ አለ ብሎ የሚያምን የለም። ወደ መካኒሳ አቦ በሚወስደው መንገድ ስንፏቀቅ አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ «ብሮ ግባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ! በዚህ አያያዝህ ትሞትብናለህ!» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ፤ ሹፌሩ ለመሳቅ ብሎ ፍጥነት ቀነሰ። ትንሽ እንደሄድኩ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ አቦን ሊሳለሙ የሚሄዱ እናት ከኋላዬ ደረሱብኝ። አጠገቤ ጥቂት አብረውኝ ሄዱና «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ይማርህ» ብለው አልፈውኝ ሄዱ። ልብ በሉ፣ እሳቸው እየተራመዱ ነበር።

ብዙ ሆነን ብንሮጥ ውርደቱ ይከፋፈላል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቤን መጀመሪያ ያካፈልኳቸው ምድር ቤት የሚኖሩትን ጡረተኛ መምህር ነው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ በራቸው ግን ሁሌም ገርበብ እንዳለ ነው፣ የሚያልፍ ሰው እንዳያመልጣቸው። ሐሳቡን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «ይሄማ በዘፈቀደ አይሆንም፣ መደራጀት አለበት!» አሉ። ያን ቀን የብሎኩን በር በሙሉ ሲያንኳኩ አመሹ ማለት ይቻላል።

እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ግቢው በር ላይ ተገኘን። ጋሼ በጡረታ ኮፍያቸው ከፊት፣ ባልትና ቤት ያላት ጎረቤታችን በነጠላ ጫማ ከመሐል፣ እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ሆነን ሮጥን። ረዳቶቹ እንደ ድሮው ሳቁብን፤ ስድባቸውን ተካፈልነውና አልከበደንም። ለጥቂት ሳምንታት እኛን ያየ ሰው ሯጮች ናቸው ቢል አይፈረድበትም ነበር።

ግን እኛ ሦስት ሆነን በአንድ ጉዳይ ከተገናኘን ማኅበር ሳንመሠርት አንለያይም። መጀመሪያ ቢጫ ማሊያ ተሰፋ። ከዚያ ሩጫው በጸሎት ይጀመር ተባለ። አንድ ሳምንት አቡነ ዘበሰማያት፣ በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን የሚመራው ጸሎት ሆነ፤ የእሱ ጸሎት የአገሩን በሽተኛ ሁሉ ስለሚያዳርስ እስኪያልቅ የተፍታታው ሰውነታችን መልሶ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ከሩጫ በኋላ ሻይ መጣ። ሻዩ ፍርፍር ጠራ። ፍርፍሩ ተራ ጠራ፤ ተራው ደንብ ጠራ። ጋሼ ሊቀመንበር፣ ባለ ባልትናዋ ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ሰኔ ሲገባ ጋሼ ሰማዩን አዩና «ዝናቡ እስኪያባራ በደንቡ ላይ ብንወያይስ?» አሉ። ዝናቡ በመስከረም አባራ፤ ውይይቱ ግን እስከ ዛሬ አላባራም።

እንዲህ ሆኖ ነው ብቻዬን የቀረሁት። ሳላቋርጥ መቀጠሌ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። በየስልካችን ውስጥ እየጮኹ «ራስህን አሸንፍ!» የሚሉን ሰዎች አሉ። እኔ ራሴን አሸንፌ አላውቅም። በየጠዋቱ የሚያሸንፈኝ እሱ ነው፤ ተሸንፌም ቢሆን እወጣለሁ። ቱታዬን ለብሼ እተኛለሁ፣ ምክንያቱም ጠዋት ተነስቶ ልብስ የሚቀይር ሰው ሐሳቡንም ይቀይራል። ስንፍና ሲበረታብኝ እስከ ዳቦ ቤቱ ብቻ ደርሼ፣ ዳቦ ገዝቼ፣ ዳቦዬን ታቅፌ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። በፊት ያባርሩኝ የነበሩት የሰፈሩ ውሾች አሁን ቀና ብለው አይተውኝ መልሰው ይተኛሉ። ይህን ሁሉ ሮጬ ፍጥነቴ ያው ነው። የአቦዋ እናት አሁንም ያልፉኛል።

ባለቤቴ አንድ ጠዋት ጭቃዬን ደረጃው ላይ እያራገፍኩ አገኘችኝ።

«አንተ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሮጠህ የት ደረስክ?» አለችኝ።

«ቤቴ» አልኳት።

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት ማኅበሩ ስብሰባውን ቅዳሜ ጠዋት አደረገው። በፊት የምንሮጥበት ሰዓት ነው፤ ምክንያታቸው ደግሞ «ሰውነታችን ሰዓቱን ለምዶታል» የሚል ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም ቢጫ ማሊያቸውን ለብሰው ጋሼ ቤት ተሰይመዋል። ላቤ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ቀሪ ነህ» አሉኝ ጋሼ።

«ጋሼ፣ እየሮጥኩ ነበር እኮ!»

«መሮጥ የግል ጉዳይ ነው» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ። «ስብሰባ ግን የጋራ ነው። በደንቡ መሠረት ያለ ተራህ ታበላለህ።»

በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ገንዘብ ያዧ እንደውም «ዶሮ ይሁን» የሚል ማሻሻያ አስገባች።

ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ከማኅበሩ እወጣለሁ አልኩ። ባለቤቴ ልብስ ማጠፏን አቆመች። «ከማኅበር ልትወጣ? ጤነኛ ነህ? አንድ ነገር ቢመጣ ድንኳን የሚተክልልህ ማን ነው፣ ጫማህ?» አለችኝ። ልክ ነች። የገንዘብ ያዧ እናት ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ቤት ወንበር ስናመላልስ የዋልነው ያንኑ ቢጫ ማሊያ ለብሰን ነው፤ ለቀስተኛው የኳስ ቡድን መስለነው ነበር። ይህ ማኅበር ከሩጫ በቀር ሁሉን ነገር ያውቅበታል።

ስለዚህ ለማብላት ተስማማሁ፤ ነገር ግን ንግግር አዘጋጀሁ። ሌላው ቀርቶ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተለማመድኩት። አባቴን አነሳለሁ፣ እግሩን አነሳለሁ፣ ከዚያ ዶሮው ላይ ያቀረቀሩትን አንድ በአንድ እያየሁ «እናንተ የምትሮጡት ወደ ሳህን ብቻ ነው» እላለሁ። ይህችን ስል ድምፄን ዝቅ ለማድረግ ወስኜ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ባለቤቴ ምንጣፍ አንጥፋ ስለነበር ሁሉም በሩ ላይ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው የቀኝ ጫማቸውን ሲጎትቱ ከውስጡ ጠጠር ወለሉ ላይ ወደቀች። የመንገድ ሥራ ኮረት ነበረች፣ የመንጋጋ ጥርስ ታህላለች። ግቢያችን በር ላይ ከፈሰሰው የተገኘች መሆን አለባት። ካልሲያቸው ከአውራ ጣታቸው ሥር ረጥቦ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ እግርዎ!» አልኳቸው።

ወደ ታች እንኳ አላዩም። «ምኑ?» አሉኝ።

ንግግሩም፣ ቁጣውም፣ ያቺ ዝቅ ባለ ድምፅ ልላት የነበረችው ዓረፍተ ነገርም የት እንደገቡ አላውቅም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ካልሲያቸውን ገፈፍኩት። ጠጠሯ ሥጋውን ቦርቡራዋለች፤ የዛሬ ብቻ አልነበረም። አልቅሻለሁ መሰለኝ። እሳቸው ጎንበስ አሉና ሌሎቹ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ «ቀስ በል፣ ሰው ያይሃል» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማዎት?»

«ከዚያ ክረምት።»

«ከየቱ ክረምት?»

«ከደንቡ ክረምት» አሉ።

የጎረቤታችን መኪና ውስጥ አስገብቼ ወደ ሕክምና ስወስዳቸው እግራቸውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር። ለምን አልነገሩንም አልኳቸው። «ሊቀመንበር እኮ ነኝ» አሉ፤ በዚያ ሰዓትም ቢሆን። መካኒሳ አካባቢ ስንደርስ፣ ወደ ውጭ እያዩ፣ ጨመሩልኝ፦ «መሬቱን መርገጤን ሳላውቅ እንዴት ልሩጥ? እኔ ካልመጣሁ ደግሞ እናንተ ትበተናላችሁ። በምን ልያዛችሁ? በስብሰባ ያዝኳችሁ።»

ቁስሉን ያጠበችላቸው ሐኪም ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ጣቱ አይተርፍም ነበር አለች። ጣቱ ተረፈ። ማምሻውን ስንመለስ ማኅበሩ ቁጭ ብሎ ጠብቆናል፣ ተጨንቋል፣ ጸልዮአል፣ ዶሮውንም ጨርሶታል። ለሊቀመንበሩ አንድ እንቁላል ተርፎላቸው ነበር። እኔ በመረቁ በላሁ።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ መሮጥ ጀመረ ብላችሁ ካሰባችሁ አታውቁትም። ያቋቋመው ኮሚቴ ነው፤ ጉዳዩን አጥንቶ ያቀርባል ተብሏል። ስብሰባው ብቻ ወደ ከሰዓት ተዛወረ። ጋሼ አሁን ቅዳሜ ጠዋት እግራቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ሰፋ ያለ ክፍት ጫማ አድርገው፣ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ግቢው በር ላይ አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ወደ መካኒሳ መሄዴን ከልክለውኛል፤ «ከዓይኔ እንዳትጠፋ» ብለውኝ ብሎኮቹን ነው የምዞረው። ባለፍኩ ቁጥር በከዘራቸው መሬቱን ይመቱና «ዘገየህ!» ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ «ፈጠንክ» ብለውኝ አያውቁም፤ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩም እንዲህ ከነበሩ ተማሪዎቻቸው ያሳዝኑኛል።

አሁን ሐምሌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ዛሬስ ማንም አይፈርድብኝም ብዬ ብርድ ልብሴን ሳብኩ። ከዚያ ለማረጋገጥ ያህል በመስኮት ወደ ታች አየሁ። ጋሼ ካፖርታቸው ላይ ቢጫውን ማሊያ ደርበው፣ ጥላ ይዘው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን እንዳይረጥብ በፌስታል አስረውታል።

«አይ እኚህ ሽማግሌ!» አልኩ፣ ባለቤቴን እስክቀሰቅሳት። የማውቀውን ስድብ ሁሉ በሆዴ እየተሳደብኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ከማጥለቄ በፊት ገልብጬ አራገፍኩት። ከዚያ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ጠበቅ አድርጌ ቆነጠጥኳቸው። ሁሉም አመሙኝ። ወረድኩ።