ከድንጋዩ ላይ የጠፋው ስም

ከቀበና ወንዝ እስከ እንጦጦ ራስ ድረስ ድንጋይ በመወልወል እኔን የሚያህል ሰው አልተፈጠረም። እኔ የወለወልኩት እብነ በረድ ላይ ዝንብ ብታርፍ ተንሸራታ ወገቧን ትሰበራለች። ደመና በእንጦጦ ላይ ሲያልፍ መልኩን ለማየት ጎንበስ የሚለው የእኔ ሥራ ጋ ሲደርስ ነው።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት አብረውኝ ለሚሠለጥኑት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወልውዬ የጨረስኩት ከአንድ ፈራሽ ቤት የመጣ የመስኮት ደፍ ብቻ ነበር። እሱንም ግማሹን የጨረሰችልኝ አሠልጣኛችን ናት።

ሥልጠናው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ካለ የድንጋይ መቁረጫ ግቢ ውስጥ ነበር። ሱቄ ለመንገድ ሥራ ከተነሣ ወዲህ ቤት ውዬ ባለቤቴን በወሬ ስፈጃት፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ዝም በል አለችኝ። ዝም ማለቱ ስላልሆነልኝ ተመዘገብኩ። አሠልጣኛችን ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም አትበልጥም። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ እግሯን በፕላስቲክ ቦቲ አስገብታ፣ ግራይንደሩን፣ ድንጋይ የሚፍቀውን ማሽን፣ እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። አለቃ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ጋሼ ትለኛለች። ሁሉንም የምታስተምረን በእጃችን ነው። ማሽኑ ላይ ከሚገጠሙት ክብ ፓዶች ሻካራው ድንጋዩን ይበላል፣ መካከለኛው የሻካራውን ጭረት ያጠፋል፣ ልስልሱ ያበራል፣ መጨረሻ ላይ የፖሊሽ ዱቄት ይመጣል፣ ውኃ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለይም። ድንጋዩ በእርግጥ ካልተጎዳ በቀር ሻካራውን አታንሡ ትል ነበር። እኔን ለብቻዬ፣ "ጋሼ፣ እጅዎ ፈጣን ነው፤ ጆሮዎ ነው የሚዘገየው" ብላኛለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄ አሳለፍኩት።

በመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዳችን ያረጀ ድንጋይ መርጠን እንድናድስ ታዘዝን። አንዱ የአክስቱን ደረጃ መረጠ፣ ሌላዋ የጎረቤቷን የማድቤት ጠረጴዛ። እኔ የእናቴን መቃብር መረጥኩ።

እናቴ ያረፈችው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። በዚያ እሑድ የሰባት ዓመት መታሰቢያዋ ነበር፤ ታላቅ እኅቴም ዘመድ አዝማዱን ይዛ ትመጣለች። በቤታችን እኅቴ ቁም ነገር ናት፣ እኔ ሳቅ ነኝ። ከእኔ ሌላ ነገር የሚጠብቅ የለም። ድንጋዩ እንደ መስተዋት አብርቶ አይታ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምትናገረው እንድታጣ ፈለግሁ። ሐሳቤን በስልክ ብነግራት፣ ድንጋዩን ተወውና ሻማ አብርተህ ጸልይ፣ እሱን ከቻልክ፣ አለችኝ። ይህም እልኬን አባሰው።

ሐሙስ ጠዋት ባለ ባትሪውን ግራይንደር ተውሼ፣ ፓዶቹን በፌስታል፣ ውኃውን በጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ድንጋዩ ጠቁሯል። የሰባት ክረምት ቅጠል በላዩ በስብሶ፣ የጧፍ ሰም ፈስሶበት፣ የምድጃ ጉልቻ መስሏል። በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ቢታጠብ ግማሹ ይለቅ ነበር። እኔ ግን የሄድኩት እንጨት ሊፈልጥ እንደተነሣ ሰው ነው። ሻካራውን ፓድ ገጠምኩና ጀመርኩ።

ደስ ማለቱ! ከድንጋዩ ወተት የመሰለ ውኃ ይወርዳል፣ ከጥቁሩ ሥር ነጩ ብቅ ይላል። እዘፍን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ካጠገቤ ያረፉት ሁሉ ተነሥተው ባይሄዱ ውለታቸው ነው። ድንጋዩ ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። የላይኛው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሟ ነው፤ በመሮ በጥልቀት የተቀረጸ። የታችኛው የክርስትና ስሟ ነው። እሱን እኅቴ ኋላ ላይ በሌላ ቀራጭ ያስጨመረችው ሲሆን፣ ስስ ጭረት ሆኖ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ነበር። የሆነ ጊዜ ላይ ቢጫ አረፋ በፓዱ ዳር ሲወርድ አየሁ። የጧፍ ሰም ነው ብዬ ጫን አልኩበት። ከዚያ መካከለኛውን፣ ከዚያ ልስልሱን፣ ከዚያ ዱቄቱን አስከተልኩ።

በጨርቅ ጠርጌ ቀና አልኩ። የላይኛው መስመር እንዳለ ነው። የታችኛው የለም። የክርስትና ስሟ በነበረበት ቦታ አንድ ወፍራም፣ ፊቱ ዱቄት የለበሰ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እኔው ነኝ።

በጣቴ ዳሰስኩት፤ ቅቤ ነው። ውኃ አፈሰስኩበት። በሆዴ ተኝቼ በአግድም አየሁት። ጭረት የሚባል የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ያንን ያህል ምነው ሰነፍ በሆንኩ ብዬም አላውቅም።

ጉዳዩ ግን ፊደል መልሶ ከመቅረጽ የባሰ ነበር። ሰው በዓለም ስሙ ቀበሌ ይጠራል፣ በክርስትና ስሙ ግን ሰማይ ይጠራል ትል ነበር እናቴ። እሑድ ካህኑ ቆመው በፍትሐቱ የሚያነሡት ያንን የታችኛውን መስመር ነው። እኔ ደግሞ እሱን አላስታውሰውም። "ወለተ" ብሎ ይጀምራል፤ የአገሪቱ ግማሽ ሴትም እንዲሁ ነው። የማውቃቸውን ቅዱሳንና መላእክት ሁሉ ከ"ወለተ" ኋላ አንድ በአንድ አሰለፍኳቸው። ሁሉም የእናቴን ይመስላሉ፣ አንዳቸውም አይደሉም። ስልኬን አውጥቼ የታችኛው መስመር የተጨመረ ዕለት የተነሣናቸውን ፎቶዎች ፈለግሁ። ተገኙ። በሁሉም ላይ ከድንጋዩ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ሆዴ የታችኛውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል።

ትንሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እሱ ከእኔ የባሰ ነው። የቀረችኝ እኅቴ ነበረች። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ለመሆኑ የእማዬ የክርስትና ስም ማን ነበር?" አልኩ፣ ድምፄን እንደ ዋዛ አድርጌ።

"ምን አስታወሰህ ዛሬ?"

"እንዲያው መጣብኝ።"

"ሂድና ድንጋዩ ላይ አንብበው፣ አንተ ቀልደኛ" አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ዝናቡ ጀመረ። ከባሕር ዛፉ የሚወርደው ጠብታ ድንጋዩ ላይ እያረፈ ቁልቁል ይሸሻል፤ የሚይዘው ጭረት እንኳ አላገኘም። እናቴን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት መሰለኝ፤ አሁን ግን ብቻዬን፣ ያለ ለቀስተኛ፣ በገዛ እጄ።

አለቃን ደውዬ ጠራኋት። ዝናቡን ጥሳ ዳገቱን ወጥታ መጣች። ተንበርክካ መዳፏን በድንጋዩ ላይ አሳለፈች።

"ጋሼ፣ እስካሁን ከሠሩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል" አለች። ቀጥላም፣ "ፊደል ያለበትን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ፓድ አይሂድበት ያልኩ ቀን ምን ሲያወሩ ነበር?"

ትዝ አለኝ። ስለ ዝንቧ ወገብ እያወራሁ ነበር።

ፊደሉን መልሰን እንቀርጸዋለን፣ እኔ አግዝዎታለሁ አለችኝ። እፎይ ልል ስል፣ "ግን ምን ብለን?" ስትል ጠየቀች። እስከ "ወለተ" ድረስ አውቀዋለሁ አልኳት።

የቀሩት የእናቴ የንስሐ አባት ነበሩ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከመቃብሯ ይታያል። እንዲህ ቅርብ ሆነው እስከዚያ ያልሄድኩት ንስሐ ግባ እንዳይሉኝ ከቀብሯ ወዲህ ስደበቃቸው ስለኖርኩ ነው። አንድ ቀን ቀበና ላይ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሲገቡ አይቼ፣ በሌላው በር ወርጄ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄጃለሁ። አሁን ግን በእብነ በረድ ዱቄት ነጥቼ፣ ከመቃብር እንደተነሣ ሰው ደጃቸው ቆምኩ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ለመግቢያ እንዲሆነኝ ቀልድ ጀመርኩ። አልከለከሉኝም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ። መሐሉ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። ማልቀስ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

"በየማለዳው የማነሣትን ሴት እንዴት እረሳታለሁ፣ ልጄ?" አሉና ስሟን ነገሩኝ።

ጭንቅላቴን ስላላመንኩት ድንጋይ በምናሰምርበት እርሳስ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ዝናቡ እንዳይወስድብኝ እጄን ጨብጬ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ዳገቱን ወጣሁ። ያየኝ ሰው ክንዱ ተሰብሯል ይለኝ ነበር።

ዓርብንና ቅዳሜን ከድንጋዩ ጋር ዋልን። አለቃ አሰመረችልኝ፣ መሮውን አያያዝ አሳየችኝ፣ መዶሻውን ግን እርስዎ ነዎት የሚመቱት አለችኝ። በአንድ ቀን ውስጥ ያን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም። የአንዱ ፊደል እግር ትንሽ ወደ ግራ ተጣመመብኝ። ላስተካክል ብል ሌላውን ላበላሽ ሆነ፤ ተውኩት።

እሑድ እኅቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ድንጋዩን ስታይ ቆመች። ጎንበስ ብላ ጣቷን በታችኛው መስመር ውስጥ አስገባች፤ ጣቷ ሰመጠ።

"ሐሙስ የደወልከው ለዚህ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ስድቡን ጠበቅሁ። ጣቷ የተጣመመው እግር ላይ ደርሶ ቆመ፣ እሱንም ተከተለው። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል፤ ምንም አልተናገረችም። ያንን ዝምታ ነበር የፈለግሁት፤ ሳገኘው ግን ስድቡ በተሻለኝ አልኩ።

ፍትሐቱ ተደረገ። የእናቴ ስም ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ በባሕር ዛፎቹ መሐል ሲጠራ ሰማሁ። ከዚያ አባ፣ የእናቴ የንስሐ አባት፣ ወደ እኛ ዞሩና፣ ልጆቿንም በጸሎት ላስባችሁ፣ የክርስትና ስማችሁን ንገሩኝ አሉ። እኅቴ ተናገረች። ትንሽ ወንድሜ የእናቱን ረስቶ የራሱን ግን አልረሳም፤ ተናገረ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

ሳቅሁ። አብሮኝ የሳቀ የለም። ሰርጌ ማዘጋጃ ቤት ስለነበር ስሜን የጠየቀኝ ካህን የለም፤ የቆረብኩት ልጅ ሳለሁ፣ በእናቴ እቅፍ ሆኜ ነው፤ ለካህኑ ስሜን ትነግርልኝ የነበረችው እሷ ነበረች። የክርስትና አባቴም ከሞቱ ቆዩ። ወደ እኅቴ ዞርኩ።

"እኔን ምን ታየኛለህ?" አለች ቀስ ብላ። "ያኔ እኔም ልጅ ነበርኩ። እሷ ናት የምታውቀው።"

ሁላችንም ድንጋዩን አየነው። አባ ሐሙስ ዕለት እንዳደረጉት እስክናገር ጠበቁኝ።

"አላውቀውም፣ አባ" አልኩ።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የክርስትና ስሜን አላውቀውም።