ዌልስ ላይ ያኖርኩት ድንጋይ

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። እኔስ ዕቃ እየሸከፍኩ ነበር። ሮተርዳም ዙይድ የምኖርበትን ቤት አከራዩ ድርጅት ሊያድሰው ስለሆነ ለጥቂት ወራት ወደ ሌላ ፎቅ ውጡ ተብለናል። የልጄ ልጆች ሒክማና ነጅማ ሊረዱኝ መጥተው፣ ከመርዳት ይልቅ ያገኙትን ሁሉ እየከፈቱ ያያሉ። ከአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ፎቶ ወጣ። ቀይ የዝናብ ልብስ የለበሰች፣ ሻሿን ነፋስ ወደ ጎን የወሰደባት፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ የሆነ ቀጭን ልጅ። ከኋላዋ የድንጋይ ክምር አለ፤ ከአጠገቧ ደግሞ የእንጨት ሰሌዳ።

«ይቺ አንቺ ነሽ እምዬ?» አለች ትንሿ፣ ነጅማ። እዚህ ስለተወለደች አንቱታ የሚባለውን አታውቀውም፤ እኔም ማረሙን ትቼዋለሁ።

«እኔ ነኝ።»

«ያለቀስሽ ትመስያለሽ። ግን ደግሞ እየሳቅሽ ነው።»

«ሁለቱንም አድርጌያለሁ።»

ሒክማ የምትጠቀልለውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «በይ ንገሪና» አለችኝ። ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ከተቀመጥኩ ቶሎ እንደማልነሳ ያውቃሉ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ባሕሩ ጠጋ ካለ ሰፈር፣ የአንዲት አሮጊት ቤት እሠራ ነበር። ሜቭራው ኮሪ እላቸዋለሁ፤ ሜቭራው ማለት እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ ሰው ነበሩ። ባል አላገቡም፤ ከእህታቸው ጋር ኖረው ኖረው፣ እህታቸው ስትሞት ብቻቸውን ቀሩ። እኔ መስኮት እወለውልላቸዋለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ገበያ አብሬያቸው እወጣለሁ። ደች ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። የአማርኛውን ፊደል በልጅነቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ለይቻለሁ፤ የፈረንጁ ፊደል ግን ያን ጊዜ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር።

ስለ ሜቭራው አንድ ነገር ላስቀድም፤ አለበለዚያ ወሬው አይገባም። ሕግ የሚባል ነገር ከነፍሳቸው አብልጠው ይወዱ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ገበያ ስንሄድ መንገዱ ጭር ብሏል፤ መኪና የለ፣ ትራም የለ፣ ብስክሌት እንኳ የለ። የእግረኛው መብራት ቀይ ነው። እኔ እብስ ብዬ ተሻገርኩ። ዘወር ስል እሳቸው እዚያው ማዶ ቆመዋል።

«ተመለሺ» አሉኝ።

«ተሻግሬያለሁ እኮ ሜቭራው።»

«በቀይ ነው የተሻገርሽው። ተመለሺና በአረንጓዴ ተሻገሪ።»

ተመልሼ አጠገባቸው ቆምኩ፣ አረንጓዴ በራ፣ ተሻገርን። ውሸትም እንደዚያው ነው፤ ከአፋቸው አይወጣም። ጎረቤታቸው የሠራችውን ኬክ አቅርባ «እንዴት ነው?» ብትላቸው «ደርቋል» ብለው እየበሉ የሚቀጥሉ ሰው ናቸው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ከወረኢሉ ከወንድሜ ደብዳቤ መጣልኝ። እናቴ ሞታለች። ደብዳቤው ሰው በሰው፣ አገር ለአገር ዞሮ ሲደርሰኝ አርባዋ እንኳ አልፏል። አገር ቤት ጦርነት ነበርና መንገዱ ዝግ ነው፤ መሄድ የማይታሰብ ነገር ሆነ። ያወቁ ሰዎች ቤቴ መጥተው ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉልኝ፣ ጾሜን እንዳላድር ምግብ ይዘው መጡ። ሁሉም አለቀሱ። እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እኛ ሰፈር አንድ ወግ አለ። ቀብር ያልደረሰ ልጅ ከሄደበት ሲመለስ፣ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከውኃው ውስጥ አንድ ድንጋይ መርጦ በእቅፉ ተሸክሞ ወደ መቃብሩ ይወጣል። ከወላጁ እግርጌ ያኖረዋል። የዚያን ጊዜ ነው የሚያለቅሰው፤ ሰዉም የዚያን ጊዜ ነው አብሮት የሚያለቅሰው። ድንጋዩን ያላኖረ ሰው ሐዘኑ ገና መንገድ ላይ ነው ይባላል። እኔ የማኖርበት መቃብር ደግሞ የት አለ? ባሕርና በረሃ ማዶ። አራት ወር ሙሉ መስኮት ስወለውል፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ እንደተሸከምኩ ዋልኩ አደርኩ። እህል ዘጋኝ፤ ቀሚሴ ሰፋኝ።

ሜቭራው ሁሉንም ያያሉ። ሰኔ ላይ፣ የደች ፓስፖርቴ በእጄ በገባ በሳምንቱ፣ ቁርስ ላይ ሳሉ «ዌልስ የሚባል አገር ድንጋይ ልናይ እንሄዳለን» አሉኝ።

«ምን ዓይነት ድንጋይ?»

«አሮጌ ድንጋይ። ከእህቴ ጋር በየዓመቱ እንሄድ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ አልሄድኩም። ብቻዬን እግሬ አይችልም፤ አንቺም ይሄን ቤት ለጥቂት ቀን ብትለቂው ይሻልሻል።»

ሰው እንዴት ድንጋይ ለማየት ባሕር ይሻገራል ብዬ ገረመኝ። ግን አዲስ ፓስፖርት ኪሱ ያለ ሰው እምቢ አይልም። ከሁክ ፋን ሆላንት ወደብ ማለዳ በመርከብ ተነሳን፤ መኪናቸው ከሆዱ ገብታ፣ እኛ ከላይ ሆነን፣ እንቁላልና ዳቦ እየበላን። እንግሊዝ ስንደርስ መኪናው ሁሉ በግራ ይሄዳል። ሜቭራው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ግራ፣ ግራ፣ ግራ» እያሉ ነዱ። ወደ ቀኝ ባዘነበሉ ቁጥር እኔም «ግራ» እላለሁ። ከደብዳቤው ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት እዚያ መኪና ውስጥ ነው።

ዌልስ የሚባለው አገር ደረስን። ተራራው ዛፍ የለውም፤ ሳር ብቻ ነው፣ ያም ሳር በነፋስ ይተኛል ይነሳል። ጉም ከላይ ወርዶ የበጎቹን ጀርባ ይነካል። የወረኢሉን ደጋ ቀን ከሌት ስትመኙት ከርማችሁ፣ አንድ ሰው አጥቦ ሌላ ቦታ አስጥቶት ብታገኙት ማለት ነው። አልጋ ያከራየችን ሴትዮ በሻይ የራሰ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቅቤ ቀብታ ሰጠችን፤ ያ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። እራት የበግ ሥጋ አቀረበች። አልበላም አልኳት፤ በእኛ ደንብ አልታረደም። በመስኮቱ ሳይ አገሩ ሁሉ በግ ነው፣ እኔ ድንች እበላለሁ። ሜቭራው «በግ አገር መጥተሽ ጦም አደርሽ» ብለው ቀለዱብኝ።

በማግስቱ መኪናዋን ከበግ በረት አጠገብ አቁመን በእግር ጀመርን። ሜቭራው ካርታቸውን በላስቲክ ከረጢት አድርገው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፣ በትር ይዘዋል፣ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ጥቂት እንደሄድን ግራ እግራቸው እስከ ጉልበት ሰመጠ። መሬቱ ሳር ይምሰል እንጂ ከሥሩ ውኃ ነው። ጎትቼ አወጣኋቸው፤ ጫማቸው ግን እዚያው ቀረ፣ በእጄ ፈልጌ አወጣሁት።

«ካርታው ላይ መንገድ ነው የሚለው» አሉ ተቆጥተው።

«ካርታው እዚህ አልሰመጠም ሜቭራው። እኔን ይከተሉኝ።»

ረግረግ እንዴት እንደሚኬድ እኔ አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ከብት ፍለጋ እንዲህ ያለውን ስንቱን ተሻግሬዋለሁ። ሳሩ ጉብ ጉብ ያለበትን፣ ቀለሙ የጠቆረውን መርገጥ ነው፤ ደማቅ አረንጓዴ የሆነው ያታልላል። «የረገጥኩትን ብቻ ይርገጡ» አልኳቸው። መንገድ የሚያሻግሩኝና የሚመልሱኝ ሴትዮ እንደ ጫጩት ከኋላዬ መጡ።

መሐል ላይ ጅረት አለ፤ ጠባብ፣ ጥርት ያለ። እጄን ልታጠብ ጎንበስ ስል ከውኃው ሥር አንድ ነጭ ድንጋይ አየሁ። ድፎ ዳቦ አያህል፣ ከጡብ ይበልጣል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብድግ አድርጌ ታቀፍኩት።

«ያ ምን ይሆንሻል? ትወድቂያለሽ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የወንዙን፣ የድንጋዩን፣ የእግርጌውን፣ ያልመጣውን እንባ። ደቼ ያን ጊዜ ጎደሎ ነው፤ ቃል ባጣሁበት በእጄ አሳየሁ። እዚያ ከላይ ያለው የድንጋይ ክምር የሰው መቃብር ነው ብለው ራሳቸው ነግረውኛል፤ ሰው ጽሕፈት ሳያውቅ በፊት የተቀበረ፣ ስሙን ማንም የማያውቅ ሰው። «ስሙ ካልታወቀ የማንም ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። «ለእናቴ ቢያውሰኝ ብዬ ነው።»

ሜቭራው በትራቸውን ሰጡኝና ድንጋዩን ከሌላው ወገን ያዙልኝ። ሁለታችን እንደ ቃሬዛ ይዘነው ወጣን።

አናቱ ላይ ጉልበት የሚደርሱ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ከመሐል ክምሩ። ንፋስ ብቻ ነው፤ አንዲት ወፍ ከሰማይ ሆና ትዘፍናለች፣ አትታይም። ክምሩ አጠገብ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ከላይ አንድ ጽሑፍ፣ ከታች ሌላ።

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወጡ። አነበቡ። እቅፌ ውስጥ ያለውን ድንጋይ አዩ። ደግመው አነበቡ። መነጽሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«‹ከሩቅ የመጣ ሰው እዚህ ይረፍ› ይላል» አሉኝ።

ከክምሩ ግርጌ ተንበርክኬ ድንጋዩን አኖርኩት። ለእናቴ ፋቲሃ ቀራሁ፤ የቦታውንም ባለቤት አስቸገርኩህ አልኩት። እጄን ከድንጋዩ ላይ ሳነሳ እንባዬ መጣ። አራት ወር የከረመ እንባ ነው፤ ድምፅ አለው። ሜቭራው አጠገቤ እርጥቡ ሳር ላይ ቁጭ አሉ፣ አልነኩኝም። እኛ አገር እንደሚደረገው አብረው ተቀመጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ድንገት ከታች ሰው ጮኸ። ቆብ ያደረገ ገበሬ፣ ከውሻው ጋር፣ ዳገቱን በፍጥነት ይወጣል። በትሩን ወደ ሰሌዳው፣ ከዚያ ወደ እኔ ይቀስራል። ደነገጥኩ። «አትነሺ» አሉኝ ሜቭራውና ወርደው ተቀበሉት። በእንግሊዝኛ ብዙ አወሩት። እጃቸው ወደ እኔ ሄደ፣ ወደ ጅረቱ ሄደ፣ ወዲያ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ሄደ። ሰውዬው መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ ኋላ ቆቡን አወለቀ።

መጣና ከጎኔ ተንበረከከ። ድንጋዬን ሊጥል ነው ብዬ ያዝኩት። እሱ ግን ቀስ አድርጎ ጠፍጣፋውን ወገን ወደ ታች አዞረው፣ እንዳይነቃነቅ በጣቱ አፈር ሞጀረበት። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የበግ ፀጉር ተጣብቆበታል። በልቼዋለሁ። ፎቶውን ያነሳን በሜቭራው ካሜራ እሱ ነው።

ስንወርድ «ምን ነበር የሚለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በርዷት ይሆን ወይ ነው ያለኝ» አሉኝ።

በዚያ ማታ አልጋ ያከራየችን ሴትዮ ያቀረበችውን እንቁላልና ድንች ጠርጌ በላሁ፤ ዘቢቡን ዳቦ ሁለቴ አስጨመርኩ።

እንግዲህ ታሪኩ ይሄ ነው አልኳቸው ልጆቹን። ሜቭራው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። በኑዛዜያቸው መሠረት ሬሳቸው ተቃጠለ፤ ድንጋይ የማኖርበት ቦታ አልተዉልኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ ወረኢሉ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የእናቴን መቃብር አይቻለሁ፣ ከወንዙም ድንጋይ ይዤ ወጥቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐዘኔ የተቀመጠው ዌልስ ነው። አንዳንዴ ዝናብ ሲጥል፣ ሜትሮው ውስጥ ሆኜ የሮተርዳምን ወንዝ ስሻገር፣ ያ ነጭ ድንጋይ አሁን እየራሰ ነው እላለሁ፤ ደስ ይለኛል።

ሒክማ ፎቶውን በስልኳ አንስታ በጣቶቿ ሰሌዳውን ታጎላ ነበር። «የላይኛው የማላውቀው ቋንቋ ነው» አለች። «የታችኛው እንግሊዝኛ ነው። እምዬ፣ ምን ይላል ነው ያሉሽ?»

«ከሩቅ የመጣ ሰው እዚህ ይረፍ።»

ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። «‹ይህ ጥንታዊ መቃብር በሕግ የተጠበቀ ነው። እባክዎ ድንጋይ አይጨምሩበት፤ ድንጋይም አያንሱበት።›»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፤ በቃ ይኸው ነው።»