ለአስጠኚ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ታናሽ ወንድሜ ከጉና ሥር ደወለ። እሱ ሲደውል ችኮላ የለም፤ የእኔ ጤና፣ የልጆቼ ጤና፣ የባሕር ዳር ሙቀት፣ የእነሱ ገብስ፣ የዘንድሮ ውርጭ በተራ ተጠይቆና ተመልሶ ካበቃ በኋላ ነው ጉዳዩ የሚመጣው። ጉዳዩ መጣ። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ የዜግነት ትምህርት ከብዷታል። ደግነቱ የሚያስጠናት ጎበዝ መምህር መኖሩን ሰምቷል።

"ታዲያ ሄደህ አናግረዋ!" አልኩት።

"እሱማ ነበር፣ እትዬ። ግን ማን ማንን ሽማግሌ ብንልክ ይሻላል ብዬ ነው የደወልኩልሽ።"

ደሜ ፈላ። በዚህ ዘመን፣ ስልክ በእጁ ይዞ፣ ለአስጠኚ ሽማግሌ! የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ይሁን እሺ፣ ደህና እደሪ" ብሎ ዘጋው። እራት ላይም ብቻዬን ስነጫነጭ ልጆቼ እየተያዩ ይስቁብኝ ነበር። እነሱ ምን ያውቃሉ? ይህን መንገድ እኔ እስከ ጥጉ ሄጄበታለሁ።

ያን ጊዜ በዚህችው ልጅ ዕድሜ ነበርኩ። ከገጠር እንደመጣን ተማሪዎች ሁሉ፣ ከሁለት የሰፈሬ ልጆች ጋር ደብረ ታቦር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ። ስንቁ ድንች፣ በሶና የገብስ ቆሎ ነው፤ ሲደላን ድርቆሽ። የበልግ ዝናብ ሲጥል የጉና ጭቃ ጫማ ከእግር ያወልቃል፤ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እንዲያ ተሸክሜው የመጣሁትን ድንች ቀቅዬ፣ በበርበሬና በጨው እያጠቀስኩ መጽሐፍ ላይ አፈጥጥ ነበር።

ሐሳቤ ሕግ መማር ነበር። ለዚያ ደግሞ ጥሩ ውጤት ያስፈልጋል፤ ዛሬ የዜግነት ትምህርት የሚሉት ሥነ ዜጋ ግን ጎትቶ ሊጥለኝ ነው። መምህራችን በዓመቱ አጋማሽ ለተጨማሪ ትምህርት ሄደና ምትክ ሳይመጣልን ቀረ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ሥልጣን ክፍፍል አንዱን ገጽ አንብቤ ስጨርስ አጀማመሩን ረስቼዋለሁ። አስጠኚ ፈልጉልኝ ስል ሰው ይስቅብኛል። ለሒሳብና ለፊዚክስ አስጠኚ ሞልቷል፤ "ሥነ ዜጋ ደግሞ ይጠናል እንዴ? ጠባይሽ ካማረ አለፍሽ" ይሉኛል። በጠባይ የሚታለፍ ቢሆንማ እኔን የሚቀድመኝ አልነበረም።

ለእኔ ግን የሚሳቅበት ነገር አልነበረም። በጥር የአንድ ደህና ቤተሰብ ሽማግሌዎች ለልጃቸው ሊጠይቁኝ መጥተው፣ አባቴ "ፈተናዋን ትጨርስና እንነጋገራለን" ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቅኩ ትዳር። ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ስንዴያቸውም ሁልጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እኔ ግን አልፈለግኩም። ሌሊት እየባነንኩ የማስበው ያንን ቀጠሮ ነበር።

በኋላ መምህር ደሳለኝ የሚባል ወጣት ከእብናት ተዛውሮ በከተማው ሌላ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ እንደሚያስተምር ሰማሁ። ተማሪዎቹ ስለ እሱ አውርተው አይጠግቡም። ቅዳሜ ቤት እንደደረስኩ ለአባቴ ነገርኩትና "ሰኞ ሄጄ ልጠይቀው?" አልኩት።

አባቴ ክው አለ። "ከወንደላጤ ደጅ? አንቺ?"

"እንግዲያው አንተ ጠይቅልኝ፣ አባዬ።"

እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ፣ መልሶ ሳበው፣ ደግሞ ገፋው። ከዚያ "የተማረ ሰው እንዲሁ አይጠየቅም። ሽማግሌ እንልካለን" አለ። እኔም የዋህ ነበርኩና ደስ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ የነፍስ አባታችን ቄስ ንጋቱ፣ እስከ አንበሳሜ ገበያ እየወረዱ እህል የሚነግዱት አቶ አያሌው፣ እንዲሁም አንድ ዝምተኛ ጎረቤታችን ነበሩ። መጀመሪያ በሕማማት ሳምንት ነገር አይነሳም አሉ። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ ማን በዓሉን ጥሎ ከቤቱ ይወጣል? ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። በመጨረሻ ጋቢያቸውን ደራርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ተከራይቼ በምኖርበት ክፍል በር ላይ መጽሐፌን ታቅፌ ጠበቅኳቸው። ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

"እጅግ ጨዋ ልጅ ነው!" አሉ ቄስ ንጋቱ።

"እሺ አለ፣ አባ?"

"ወንበሩን ሁሉ ለእኛ ለቆ እሱ መሬት ተቀመጠ። እንዲህ ያለ አስተዳደግ!"

"እሺ አለ ወይ?"

አቶ አያሌው በትዝብት አዩኝ። "ዛሬውኑ? ዕለቱን እሺ ቢልማ እኔው ራሴ እጠረጥረው ነበር። ታላቅ ወንድሜን ላማክር ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶናል።"

ቀጠሮ! ለማስጠናት! ይህን ሲናገሩ ግን ደስታቸው ሌላ ነበር። ነገሩ ወግ ያዘላቸዋ። በቀጠሮው ቀን ሲሄዱ ታላቅ ወንድምየው ከእብናት አልመጣም፤ በግ ሊሸጥ ሌላ ገበያ ወጥቷል አሉ። ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ወንድምየው ሲመጣና ምንም ተቃውሞ እንደሌለው ሲናገር፣ በቃ አለቀ ብዬ እልል ልል ስል፣ አቶ አያሌው ራሳቸው ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ የዋስ ጉዳይ አነሱ። እሷ ልጃገረድ ናት፣ እሱ ላጤ ነው፤ ወሬ ቢነሳ ማን ይጠየቃል? ለእኔ ዋስ፣ ለእሱም ዋስ ይጠራ ተባለ። የእኔስ በቀላሉ ተገኘ። የእሱ ግን የአገሩ ሰው መሆን አለበት ተብሎ፣ ደብረ ታቦር ከብት ሊሸጥ የሚመጣ የእብናት ነጋዴ ይጠበቅ ጀመር።

በዚህ መሃል ግንቦት ገባ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች መጽሐፋቸውን ጨርሰው ይከልሳሉ፤ እኔ የእብናት ከብት ነጋዴ እጠብቃለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ የምጠብቀው ትምህርት ዜጋ ስለ መብቱ እንዴት እንደሚጠይቅ የሚናገር መሆኑ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ላስገለብጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ቤቱ የእቴነሽ ነው። እቴነሽ ጅዳ ለዓመታት ሠርታ፣ ባጠራቀመችው ማሽን ገዝታ የተመለሰች፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት። መብራት ጠፍቶ ደንበኛው ሁሉ በረንዳው ላይ ቆሟል። ከቆሙት አንዱ፣ ተማሪዎቹ ከሩቅ ያሳዩኝ መምህር ደሳለኝ ነው። ዞር ብዬ ልሄድ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ።

"መምህር" አልኩት፤ "ሽማግሌዎቹን የላክንብዎት እኛ ነን።"

"አንቺ ነሽ?" አለ፤ እሱም ደነገጠ። "ፈተናው እኮ ደረሰ! እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ?"

"እኛ ነን የምንጠብቀው? እርስዎ አይደሉ ቀጠሮ የሚሰጡት?"

አንገቱን ደፋ። "እኔማ ከመጀመሪያው ቀን ደስተኛ ነበርኩ። ግን እነዚያን የሚያካክሉ ሰዎች ደጄ መጥተው ዕለቱን እሺ ብል፣ ልጁ ቀላል ነው አይሉኝም? አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል?"

መናደድ ሲበዛ ያስለቅሳል። እዚያው ሰው ፊት እንባዬ መጣ። "እኔን እኮ ሊድሩኝ ነው!" አልኩት። ከዚያ በኋላ ያልነገርኩት አልቀረም፤ ሕማማቱን፣ ፋሲካውን፣ የወንድሙን በግ፣ ዋሱን፣ በጥር የመጡትን ሽማግሌዎች። እቴነሽ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ሰምታ ወጣችና በረንዳው ላይ የነበረውን አግዳሚ ወንበር በእጇ ጠረገችው። "ዋስ ፍለጋ እብናት ድረስ ምን አስኬዳችሁ? መንገደኛው ሁሉ እያያችሁ እዚህ ተቀመጡና ተማሩ። ወሬ የሚያወራ ካለ እኔን ይጠይቀኝ!"

ያኔውኑ ጀመርን። መምህር ደሳለኝ ማስተማር ያውቅበት ነበር። ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚዳኘው ለምን እንደተለያዩ አስረድቶኝ፣ የገባኝን በራሴ ቋንቋ ያስደግመኛል፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ይመልሰኛል። ወር ሙሉ ያፈጠጥኩበት ገጽ በአንድ ከሰዓት ተከፈተልኝ። በየቀኑ እየሄድኩ ተማርኩ።

ሽማግሌዎቹ ግን ሰሙ። ነገሩ በእጃቸው ሳለ፣ ሳይነገራቸው፣ መንገድ ላይ ተጀመረ! ተዋረድን አሉ። እርቅ እስኪወርድ ትምህርቱ ይቁም ብለው በአባቴ ላይ ወሰኑበት። ልብ በሉ፣ ፈተናው በደጅ ነው።

አባቴ ከጉና ወርዶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ በረንዳው ላይ ደረሰ። "ተነሺ፣ እንሂድ" አለኝ።

"አልነሳም" አልኩት። በሕይወቴ አባቴን እምቢ ያልኩት ያን ቀን ነው። ሰው ሁሉ ያየናል። መምህር ደሳለኝ ብድግ ብሎ "አባቴ፣ ይቀመጡ" አለው። አባቴ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ የመምህሩን አፍ ያይ ነበር።

ወደ ቤት ስሸኘው ንዴቴ ገነፈለ። "መጀመሪያውኑ አንተ ሄደህ ብትጠይቀው ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነበር እኮ!"

ጎንበስ ብሎ የጉልበቱን ጭቃ ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር "ብቻዬን ሄጄ፣ ልጅዎን የከበዳት የቱ ላይ ነው ቢለኝስ?" አለ። "ምን ብዬ ልመልስለት? የእኔን መሃይምነት አይቶ አንቺን ቢንቅብኝስ? ቄስ ንጋቱ ቢያንስ ያነባሉ።"

ንዴቴ የሚያርፍበት ጠፋው።

በማግስቱ አባቴ ሽማግሌም ዋስም ሳይዝ፣ ብቻውን፣ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ቄስ ንጋቱ ደጅ ሄዶ ተንበረከከ። የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲያ ነው። ድንጋዩን እስኪያወርዱለት ብዙ እንዳስጠበቁት እናቴ ነገረችኝ። የበደለው በደል ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ትምህርቴ ግን አንድም ቀን አልቆመም።

ሽማግሌዎቹስ መች እንዲህ በቀላሉ ይለቁኛል? ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሦስቱም እቴነሽ በረንዳ ድረስ መጥተው፣ ስማር የከረምኩትን እኔን ለመምህሬ በወግ አስረከቡኝ። ቄስ ንጋቱ ለአገሩ፣ ለዝናቡ፣ ለመምህሩ፣ ለማሽኑ ሳይቀር ሲመርቁ ከሰዓቱ አለቀ። ያን ቀን ልንማር የነበረው ምዕራፍ ሳይነካ ቀረ። ከዚያ ምዕራፍ ፈተና ላይ ጥያቄዎች መጥተው አንዱንም አልመለስኩትም።

ቢሆንም አለፍኩ፤ ሕግም ገባሁ። በጥር የመጡት ሰዎች ቀጠሯቸውን አክብረው ሲመለሱ አባቴ ጠላ አቅርቦ በክብር ሸኛቸው። አባቴ ካረፈ ዓመታት ሆነው። በሕግ ሥራ ስኖር ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሜያለሁ፤ የእሱን ያህል ደፋር ሰው ግን አላየሁም።

ይህን ሁሉ ሳስብ አመሸሁና ረቡዕ ጠዋት ለወንድሜ ደወልኩለት። ወንድሜ ትምህርቱን ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ እኔ ከተማ ስወርድ ከብቱና እርሻው በእሱ ላይ ወደቀ። ማክሰኞ ማታ ስጮህበት ይህ እንዴት እንዳልታሰበኝ ገረመኝ።

"መምህሩ አንድ ነገር ይጠይቀኛል ብለህ ነው?" አልኩት።

ከጀርባው በግ ሲጮህ ይሰማኛል። "እንግሊዝኛውን ቢያነሳብኝ..." ብሎ ተወው።

"ቅዳሜ እመጣለሁ። አብረን እንሄዳለን።"

"ሽማግሌ ሆነሽ?"

"ሽማግሌ ሆኜ።"

ደስ እንዳለው ከድምፁ ታወቀኝ። ትንሽ አሰበና "ግን ሁለት ሰው ብቻ ምን ሽማግሌ ይባላል? ሰው ፊት ያቀለናል፤ አንድ ደህና ሰው እንጨምር፣ እትዬ" አለኝ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም።

"ጨምር" አልኩት።