ትንሽ ጠበቅ ላድርገው

እኛ አገር የላላ ነገር አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ገና አልተወለደም። ዓርብ ዓርብ ወደ አርብ ገበያ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ገብስ የጫነች አህያ ስታልፍ፣ ባለቤቷን የማያውቀው መንገደኛ ሳይቀር ሰላምታውን እያወረደ እግረ መንገዱን የጭነቷን ገመድ ሳብ ያደርጋል። ባለቤቱም ያመሰግናል። ቀጥሎ የሚመጣውም ሳብ ያደርጋል። ምስኪኗ አህያ ገበያ የምትደርሰው ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው፤ ጭነቱ ግን አይወድቅም። ደግነት ነው፣ አልክድም። ችግሩ የጀመረው ይኸው ደግነት ከአህያዋ ወርዶ ወደ እኔ ሬዲዮ የመጣ ዕለት ነው።

እኔ ታች ጋይንት ውስጥ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የስልክ ኔትወርክ እኛ ዘንድ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ አምቡላንስ የምንጠራው በሬዲዮ ነው። ሬዲዮውን የለገሱን፣ በትርፍ ጊዜያቸው በአየር ሞገድ ከሩቅ ሰው ጋር ማውራት የሚወዱ፣ አማተር የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ሲተክሉልን አያያዙን ያሳዩት ለእኔ ነበር። ከሬዲዮው ጀርባ የአንቴናው ኬብል የሚገባበት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ኮኔክተር አለ፤ ዙሪያውን የሚዞር ዳዶ አለው። ኬብሉን በአንድ እጅ ጸጥ አድርጎ ይዞ፣ ዳዶውን ብቻ በሁለት ጣት ማዞር ነው፤ እምቢ ሲል መተው። ከዚያ በላይ ከታገሉት ከሬዲዮው ጋር የተያያዘው መቀበያው ራሱ አብሮ ይዞራል፣ ውስጥ የተበየደው ቀጭን ሽቦም ይበጠሳል። ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነው። «እምቢ ሲል መተው» የምትለዋን ግን አገሬው በአንዱም ጆሮው አልሰማትም።

መጀመሪያ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ መጣ። ሬዲዮውን አቧራ እንዳይነካው ብሎ ከቤቱ ዳንቴል አምጥቶ አለበሰው። ዳንቴሉን ሲያስተካክል ኮኔክተሩን አየና ትንሽ ጠበቅ አደረገው። ቀጥሎ ጥበቃው ደጅ ያለውን፣ አንቴናው እግር ሥር የሚገኘውን መገጣጠሚያ ተረከበ። እኔ እሱን በናስትሮ ከታች ወደ ላይ፣ ሣር ቤት እንደሚከደነው አድርጌ ጠቅልዬው ነበር፤ ዝናቡ እየተንሸራተተ እንዲወርድ። ለጥበቃው አላማረውም። በላዩ ፌስታል ደርቦ ከታች ግጥም አድርጎ አሰረው። ክረምቱ ሲገባ ፌስታሉ ውኃ ሞልቶ ተንጠለጠለ፤ ኮኔክተሩ ከዝናብ ተጠብቆ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሰነበተ። ፌስታሉን ቆርጬ ስጥለው ጥበቃው ቅር አለው። እሱ ባያስርለት ኖሮ ያ ሁሉ ውኃ ኮኔክተሩ ላይ ይወርድ እንደነበር አስረዳኝ።

የአጥባቂዎቹ ሁሉ አለቃ ግን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። በየሰበቡ ብቅ ይላሉ። ወንበር ሳይስቡ እጃቸው ከሬዲዮው ጀርባ ይገባል። ጠብቋል ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ቢጠብቅ ምን ይጎዳል ይሉኛል። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ለኃላፊው ነገርኩት። ኃላፊው ጉዳዩን ስብሰባ ላይ አቀረበው። ስብሰባውም በሰፊው ተወያይቶ ለሬዲዮው «በሁሉም አካል ተገቢው ጥንቃቄ እንዲደረግ» ወሰነ። «በሁሉም አካል» የምትለዋ ገደለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሳያጠብቅ የሚያልፍ ሰው ኃላፊነቱን እንዳልተወጣ ተቆጠረ።

ሐምሌ ውስጥ፣ ኔትወርኩ እንደ ልማዱ በጠፋበት ዓርብ ጠዋት፣ የሊቀመንበሩን ምራት በቃሬዛ አመጧት። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ስታምጥ አድራ ጉልበቷ አልቋል። ስመረምራት ልጁ በአግድም ተኝቷል። በእኔ እጅ የሚወለድ አልነበረም፤ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ሁለቱንም እንደምናጣ አወቅሁ። ሮጬ ሬዲዮውን ከፈትኩና ጠራሁ። መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ዳንቴሉን ገልጬ ጀርባውን ሳየው መቀበያው ተጣሞ ዞሯል፣ ዳዶው ላይ የፒንሳ ጥርስ ታትሟል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ተንገዳገደ፤ ውስጡ ተበጥሷል። ፈርቼም ተናድጄም ነበር።

ማን ነካው አልኩ። ኃላፊው ጥበቃውን አየ፣ ጥበቃው ጣራውን አየ። ከቃሬዛው ጋር የመጡት ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ትናንት ሲነቃነቅ አየሁትና በፒንሳ ትንሽ ጠበቅ አደረግሁት እንጂ ሌላ ምንም አልነካሁም፣ ሲስተር።»

ስንት ጊዜ ያጠራቀምኩት ስድብ ምላሴ ላይ ነበር። የልጅቷ ጩኸት ከማዋለጃው ክፍል መጣና ዋጥኩት።

«እንግዲያው ጋሼ፣ አሁን የቃሬዛውን ገመድ ያጥብቁ» አልኳቸው።

ግሉኮስ ሰክቼላት በዚያ ጭቃ አምቡላንሱ ወደሚቆምበት ወደ አርብ ገበያ ተነሳን። መንገድ ላይ ያገኘነው ገበያተኛ ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል፤ ማርያም ትቅረብሽ ይላል፤ ከዚያ በፊት ግን የቃሬዛውን ገመድ ሳብ ያደርጋል። ቃሬዛው አንዴም አላዘነበለም። ያን ቀን ያ ያንገበገበኝ ልማድ ጠቀማት ብል እውነት ነው። ሬዲዮው ቢሠራ ኖሮ ግን ጥቅሙን ለማየት ባልተገደድን። ሊቀመንበሩ ተሸካሚ ሲቀያየር እሳቸው አልቀየርም ብለው ከዳር እስከ ዳር ተሸከሙ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ለሊቀመንበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አርብ ገበያ ስንደርስ አምቡላንሱ ቆሞ አገኘነው። ልጅቷን ሆስፒታል አደረሳት፤ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላገለች። ወሬውን ስሰማ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።

ከዚያ ሬዲዮው ተጠገነ፤ ሊቀመንበሩም ወዲያው የኮኔክተር መምህር ሆኑ። ዳዶ በጣት ብቻ፣ እምቢ ሲል መተው እያሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ወፍጮ ቤት ያስተምራሉ። ትምህርቱን ከየት እንዳገኙት አይናገሩም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

መስከረም ላይ ምራታቸው ልጇን ለክትባት ስታመጣ አብረዋት መጡ። እኔ ሕፃኗን መዝኜ ይዣለሁ። እሳቸው ከሬዲዮው አጠገብ ቆመው፣ ተራ ለሚጠብቁት እናቶች ይህን ዕቃ ማንም ሰው እንዳይነካ አጥብቀው እያስረዱ ነው። እያስረዱ ሳለ ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ሬዲዮው ጀርባ ሄደ። ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። ተነስቼ የልጅ ልጃቸውን አስታቀፍኳቸው።

ሁለቱም እጃቸው ተያዘ። ንግግራቸውን አቋርጠው አዩዋት። እኔም አያያዛቸውን አየሁ፤ አንገቷን በጣቶቻቸው ደገፍ አድርገው፣ እንዳያማት እየሰጉ ነው። ለካ ሳያጠብቁ መያዝ ይችሉበታል።